ሳይንስን ማን ይንገረን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ለዓመታት የምትወስደው መድኃኒት አለ። ሰሞኑን ‹በደም መርጋት የመያዝን አደጋ በእጥፍ ይጨምራል› የሚል የዜና ርዕስ አነበበች። ከዚያች ቀን ወዲህ ክኒኑን በእጇ ይዛ ስታመነታ አያታለሁ። ሐኪሟ ‹አትስጊ፣ ቀጥዪ› ብሏታል። ዜናው ደግሞ የሚጠቅሰው የዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። ማንን እንመን?»
ስማቸው እንዳይገለጽ የጠየቁ አንባቢ

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ባለቤትዎ ከሐኪማቸው ጋር ሳይመክሩ መድኃኒቱን እንዳያቆሙ አደራ እላለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1995 ብሪታኒያ ውስጥ የመድኃኒቶችን ደኅንነት የሚከታተል ኮሚቴ፣ አዲስ ዓይነት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖች በደም መርጋት የመያዝን አደጋ በእጥፍ እንደሚጨምሩ አስጠነቀቀ። ወሬው ወዲያውኑ አገሩን አዳረሰ። ብዙ ሴቶች ደንግጠው ክኒናቸውን ተዉ። በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ከተለመደው በላይ በግምት 13,000 ጽንስ የማቋረጥ ድርጊቶች ተፈጸሙ።

እጥፍ የተባለው ከስንት ወደ ስንት ነበር? የቀድሞውን ክኒን ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች መካከል በደም መርጋት የምትያዘው አንዲት ነበረች። አዲሱን ከሚወስዱ 7,000 መካከል ደግሞ ሁለት። ከአንድ ወደ ሁለት ማለት እጥፍ ነውና ማንም አልዋሸም። ነገር ግን «ከሰባት ሺህ ሴቶች ላይ አንዲት ትጨመራለች» ተብሎ ቢነገር ኖሮ ስንቷ ሴት በእርጋታ ወደ ሐኪሟ ሄዳ ትጠይቅ ነበር! ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ እርግዝና ራሱ ከክኒኑ የባሰ የደም መርጋት አደጋ ያለው መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ከትንሹ አደጋ ሸሽተው የገቡት ወደ ትልቁ ነበር።

ስለዚህ ሁለታችሁም ሐኪሙ ዘንድ ሄዳችሁ ይህን ጠይቁ፦ «መድኃኒቱን ከማይወስዱ ሰዎች መካከል ከስንቱ ስንቱ ይታመማሉ? ከሚወስዱትስ? መድኃኒቱን ብታቆምስ የሚገጥማት ምንድን ነው?» በሐኪሙም ጥቂት ቅር ብሎኛል። «አትስጊ» ማለት ለፈራ ሰው መልስ አይሆንም። ቁጥር የሌለው ማጽናኛ ቁጥር ከሌለው ማስፈራሪያ አይሻልም፤ ሁለቱም ሰውን የሚያዙት አስተዋይነቱን ንቀው ነው። ባለቤትዎ ቁጥሩን ቢሰሙ ይረዱታል፤ መወሰንም ይችላሉ።

ጥያቄ፦ «የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፤ የማጠናው በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያንን ነው። ስለ ሥራዬ ለሕዝብ መናገር እፈልጋለሁ። አማካሪዬ ግን ‹የእኛ ሥራ መመራመር ነው፤ መናገሩን ለጋዜጠኞች ተዪው› ይሉኛል። ለጋዜጠኞች የተውኩት ጊዜ ደግሞ ያልኩትን አጣመው ጻፉብኝ። ለመሆኑ መናገር ያለበት ማን ነው?»
የአፈር ተመራማሪዋ

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ «አጣመው ጻፉብኝ» የሚለውን ሳነብ ልቤ ተነካ፤ እኔም አጣምሜ አውቃለሁና።

ወደ ጋዜጠኝነት የመጣሁት ከሕክምና ላቦራቶሪ ነው። ሙያውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ስለ አንድ ከባድ በሽታ ጋዜጣዊ መግለጫ ደረሰኝ። «ተስፋ ሰጪ መድኃኒት ተገኘ» ብዬ ርዕስ አወጣሁለት። ምርምሩ የተካሄደው በአይጦች ላይ መሆኑን አልደበቅሁም፤ ግን ያሰፈርኩት አራተኛው አንቀጽ ላይ ነበር። ጽሑፉ ከወጣ ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ሰው ስልክ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። ባለቤታቸው በዚያ በሽታ እንደታመሙ ነገሩኝና «መድኃኒቱ የሚገዛው ከየት ነው?» አሉኝ። ገና በአይጦች ላይ ብቻ የተሞከረ መሆኑን አስረዳኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «አይጦቹስ ዳኑ?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ» አልኳቸው። «ይሁን» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምርምሩ በእንስሳት ላይ ከሆነ የእንስሳው ስም ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አያልፍም። አንድ አለቃዬ «እንዲህ ከሆነ ማን ያነብልሃል?» ብሎ ተቆጥቶኝ ነበር። አልተለወጥኩም።

ይህን ስነግርሽ ጥፋቴን ላቅልል ብዬ አይደለም። ነገር ግን ማጋነን ከጋዜጠኛው ብዕር አስቀድሞ እንደሚጀምር ማወቅ አለብሽ። እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ አንድ ጥናት፣ 20 የብሪታኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ያወጧቸውን 462 ጋዜጣዊ መግለጫዎች ከምርምር ጽሑፎቹ ጋር አመሳክሮ ነበር። የእንስሳት ምርምርን የሚመለከቱ መግለጫዎችን ስናይ፣ ጽሑፉ ከሚለው አልፈው ውጤቱ ለሰውም እንደሚሠራ አድርገው ያቀረቡት 36 በመቶ ነበሩ። መግለጫው ሲያጋንን ከዜናዎቹ 86 በመቶው አብረው አጋነኑ፤ መግለጫው ልኩን ሲጠብቅ ያጋነኑት ዜናዎች 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። ማጋነኑ ብዙ የዜና ሽፋን ያስገኛል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃም አልታየም። እንግዲህ ስምሽ ያለበት መግለጫ ከተቋምሽ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሳይወጣ በፊት አምጡልኝ ብለሽ አንብቢው። «ይህ ቃል ከጽሑፌ ውስጥ የለም» ማለት መብትሽ ብቻ አይደለም፤ ከምርምርሽ ሥራ አንዱ ክፍል ነው።

አማካሪሽ «ለሌላ ተዪው» ሲሉ የኢጣሊያዋ ላኩዊላ ትዝ ትለኛለች። ከተማዋ ለወራት በትንንሽ መንቀጥቀጦች ስትታወክ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2009 የርዕደ መሬትና የአደጋ ስጋት ባለሙያዎች ተሰብስበው መከሩ። በቴሌቪዥን ቀርቦ ሕዝቡን ያረጋጋው ግን የሲቪል ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ምክትል ኃላፊ ነበር። ትንንሾቹ መንቀጥቀጦች የታመቀውን ኃይል ስለሚያስተነፍሱት ሁኔታው መልካም ነው አለ። አባባሉ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም። ባለሙያዎቹ ግን አደባባይ ወጥተው አላረሙትም። በስድስተኛው ቀን ሌሊት ታላቁ ርዕደ መሬት መጣና 309 ሰዎች ሞቱ። መሬት ሲንቀጠቀጥ ከቤት ወጥቶ ማደር ልማዳቸው የነበረ አንዳንድ ቤተሰቦች፣ የተባለውን አምነው በዚያች ሌሊት እቤታቸው መቅረታቸውን የተረፉት ዘመዶቻቸው በፍርድ ቤት መስክረዋል። በ2012 ባለሥልጣኑና ስድስቱ ባለሙያዎች ተፈረደባቸው፤ በ2014 ባለሙያዎቹ በይግባኝ ነጻ ወጡ። ነጻ መውጣታቸው ተገቢ ይመስለኛል፤ ርዕደ መሬት የሚመታበትን ቀን ማንም ሊናገር አይችልምና። ነገር ግን «ቀኑን ማወቅ አንችልም፤ ቤቶቻችሁ ደካሞች ናቸው፤ ልማዳችሁን አትተዉ» ብሎ ለመናገር ትንቢት አያስፈልግም ነበር። የሚያውቀው ሰው የተወውን ማይክሮፎን ሌላ ሰው ይይዘዋል።

የአማካሪሽ ስጋት መሠረት የለውም አልልም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ካርል ሴጋን እ.ኤ.አ. በ1992 ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባልነት ታጭቶ ሳይመረጥ ቀርቷል። በሕዝብ ዘንድ ያተረፈው ዝና በባልደረቦቹ እንዳስናቀው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። ያው አካዳሚ በ1994 ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጠውን ሜዳሊያ ሸለመው። ሳይንስን ለሕዝብ ማድረሱን አክብሮ የሚሸልም ተቋም ያንኑ ሰው ከአባልነት ማስቀረቱ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የአፈር ሰው ነሽና ይህ ታሪክ የሚገባው ለአንቺ ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986 በዩክሬን የሚገኘው የቼርኖቢል የኑክሌር ጣቢያ ፈነዳ። በነፋስ የተጓዘው ሲዚየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ከቀናት በኋላ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በካምብሪያ ኮረብቶች ላይ ከዝናብ ጋር ወረደ። በኮረብቶቹ ላይ በጎች ይግጣሉ። በሰኔ ወር መንግሥት የበግ ዝውውርንና ዕርድን ሲያግድ እገዳው ለሦስት ሳምንት ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ሳይንቲስቶቹ እንዲህ ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሲዚየም አፈር ውስጥ ሲገባ ተጣብቆ ይቀራል፣ ሣሩ መልሶ አይስበውም ብለው ነው። ይህ ለሸክላማ አፈር እውነት ነው። የካምብሪያ ኮረብታ አፈር ግን ከበሰበሰ ዕፅዋት የተሠራ አሲዳማ አፈር ነው፤ ሲዚየሙን አጥብቆ አይዝም። ሣሩ ሲዚየሙን ከአፈሩ ይስባል፣ በጉ ሣሩን ይግጣል፣ በበጉ ፋንድያ ተመልሶ አፈር ላይ ይወርዳል፣ ሣሩ እንደገና ይስበዋል። ሦስት ሳምንት የተባለው እገዳ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ2012 ነው፤ ከ26 ዓመት በኋላ።

ብራያን ዊን የተባለ የማኅበረሰብ ሳይንስ ተመራማሪ ወደ በግ አርቢዎቹ ሄዶ አነጋገራቸው። ከሰማቸው ነገሮች አንዱን ልንገርሽ። ሳይንቲስቶቹ ቤንቶናይት የተባለ የሸክላ ማዕድን ሲዚየሙን ይይዝ እንደሆነ ለመፈተን፣ መሬቱን ከፋፍለው አጥረው በጎቹን በየአጥሩ ውስጥ አስገቡ። አርቢዎቹ «እነዚህ በጎች በሰፊው ኮረብታ ላይ መዘዋወር የለመዱ ናቸው፤ ብታጥሯቸው ይከሳሉ፤ የምታገኙት ውጤትም ልክ አይሆንም» አሏቸው። የሰማቸው አልነበረም። ኋላ ሙከራው ተቋረጠ፤ ምክንያቱም አርቢዎቹ ያሉት ነበር። ምክራቸው ትክክል እንደነበር ግን ማንም ተመልሶ አልነገራቸውም።

እነዚህ ሰዎች ሳይንስ ስላልገባቸው አልነበረም የተቆጡት። የበግ አርቢ ኑሮው ከአየር ጠባይ፣ ከበሽታና ከገበያ ጋር ነው፤ «ምናልባት» የሚለውን ቃል ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። «እስካሁን የምናውቀው ሌላ ዓይነት አፈር ነው፤ የእናንተን አብረን እንይ» ቢባሉ ይረዱ ነበር። እምነታቸውን የቆረጠው በሙሉ ልብ የተነገረው ሦስት ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ባለሙያዎቹ ልክ የሆኑበትንም ነገር መቀበል ከበዳቸው።

እናም እህቴ፣ መናገር ያለብሽ አንቺ ነሽ። ግን ከመናገርሽ በፊት የምታጠኚውን አፈር የሚያርሱ ሰዎች ዘንድ ሂጂና አፈሩን በምን እንደሚለዩት፣ በምን ስም እንደሚጠሩት፣ ባለፉት ዓመታት ምን ተለውጦ እንዳዩ ጠይቂያቸው። ንግግርሽን ከእነርሱ ጥያቄ ጀምሪ። እርግጠኛ ያልሆንሽበትንም ለመጨረሻ አታቆዪው፤ ጋዜጠኛ መጨረሻውን ይቆርጣልና። እኔም ቆርጬ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ «የ12 ዓመት ልጅ ነኝ። ስለ ሳይንስ ያነበብኩትን ለጓደኞቼ ማስረዳት በጣም ደስ ይለኛል። ታላቅ ወንድሜ ግን ‹ሳይንቲስት ሳትሆኚ ምን አገባሽ?› ይለኛል። እውነቱን ነው?»
የስድስተኛ ክፍል ተማሪ

መልስ፦ ልጄ፣ ወንድምሽ በዚህ ተሳስቷል። ማይክል ፋራዳይ የሚባል የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ ነበር። ከድሃ ቤተሰብ ስለተወለደ ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየም፤ ሳይንስን የተማረው ከሚጠርዛቸው መጻሕፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 ለንደን ውስጥ የታወቀው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ ለሕዝብ የሚሰጠውን ትምህርት የሚሰማበት ቲኬት አንድ ደንበኛ ሰጠው። ፋራዳይ የሰማውን ሁሉ ጻፈ፣ ሥዕሎቹን ሣለ፣ 300 ያህል ገጽ ሆነለት፣ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በሚቀጥለው ዓመት በላቦራቶሪው ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ኋላ በኤሌክትሪክና በማግኔት ላይ ያገኘው ግኝት ዓለምን ለወጠ። ልብ በይ፦ የሰማውን ለሌላ ሰው እንዲገባ አድርጎ ማስረዳት የጀመረው ሳይንቲስት ሳይሆን ነው።

ሲያድግ ለልጆች ብዙ ዓመት አስተማረ። በ1848 እና በ1860 ተከታታይ ትምህርቶቹን በሙሉ የሰጠው ስለ አንድ ሻማ ነበር። ካሳያቸው ሙከራዎች አንዱን አንቺም መሞከር ትችያለሽ፤ ግን ከትልቅ ሰው ጋር ብቻ፣ ነፋስ በሌለበት ቦታ። ሻማውን አብሩና ጥቂት ጠብቃችሁ አጥፉት። ከክሩ ቀጭን ነጭ ጭስ ይነሣል። አዋቂው ወዲያውኑ የተለኮሰ ክብሪት ወደ ጭሱ ያስጠጋ፤ ክሩን ግን አይንካው። እሳቱ ጭሱን ይዞ ወርዶ ሻማውን ያበራዋል። የሚነደው ወደ ተን የተለወጠው ሰም ነውና።

ወንድምሽን አጠገብሽ አስቀምጠሽ አሳዪው፤ ለምን እንደበራም አንቺው አስረጂው። ከዚያ ክብሪቱ ከክሩ ስንት ጣት ርቆ ሻማው እንደበራ ለክተሽ ጻፊልኝ። ስትሞክሩ እንቢ ያለበት ጊዜ ካለ እሱንም ጻፊ። በሚቀጥለው እትም ከስምሽ ጋር አወጣዋለሁ።