ለዓመታት የሚዘልቁ መዓዛማ ዕፅዋትንና አበቦችን ለጓሮ ስለመምረጥ

ጥያቄ፦ ከመኖሪያ ቤቴ ጀርባ ባለችው አነስተኛ ቦታ ላይ መዓዛማ ዕፅዋትና አበቦች እተክላለሁ። ነገር ግን በየዓመቱ ከፊሎቹ በዝናብ ወቅት ሥራቸው ይበሰብሳል፤ የተረፉትም ዘር ከሰጡ በኋላ ይደርቃሉ። አፈሩ ከባድና ጥቁር ነው። አንድ ጊዜ ተተክለው ለብዙ ዓመታት የሚቆዩ ጠንካራ ተክሎች የትኞቹ ናቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ስላሉ ለየብቻ ማየቱ ይጠቅማል። ዘር ከሰጡ በኋላ የደረቁት ተክሎች እንክብካቤ ጎድሏቸው ሳይሆን ዕድሜያቸው አብቅቶ ሊሆን ይችላል። ድንብላል የአንድ ወቅት ተክል ነው፤ በሶብላም በአብዛኛው እንደዚያው ነው፤ ፓርስሊ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል፣ በሁለተኛው ዓመት አበባና ዘር ሰጥቶ ይሞታል። እነዚህን መትከል የሚፈልጉ ከሆነ በየጊዜው መዝራት ግድ ነው፤ የጓሮዎን ቋሚ ክፍል ግን በእነርሱ ላይ አይመሥርቱ።

የመበስበሱ ጉዳይ ጠለቅ ያለ ነው። አንድ ተክል ጠንካራ ነው ሲባል «ምንን የሚቋቋም?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ውርጭን፣ ድርቅንና የረጋ ውሃን በአንድነት የሚችል ተክል እምብዛም አይገኝምና። የጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ)፣ ጦስኝ፣ ላቬንደርና ኦሬጋኖ ለረጅም ጊዜ ውሃ ሳያገኙ ይቆያሉ፤ ነገር ግን ሥራቸው ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ ከከረመ ይሞታሉ። ምክንያቱም ውሃው በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለውን አየር አስወጥቶ ሥሩን ያፍነዋል፤ የተዳከመውን ሥር ደግሞ አበስባሽ ተዋህስያን በቀላሉ ያጠቁታል። ስለዚህ ተክል ከመምረጥዎ በፊት አፈርዎ ውሃን ምን ያህል እንደሚያጠነፍፍ ይወቁ።

ለዚህም ጥልቀቱም ስፋቱም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉበትና ሙሉ በሙሉ እስኪሰርግ ይጠብቁ። ከዚያም እንደገና ሞልተው ውሃው በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ይለኩ። ከ2 ነጥብ 5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቦታው ውሃ ያቁራል ማለት ነው። እንደ እርስዎ ባለ ጥቁር አፈር ላይ ይህ ቢያጋጥም አያስደንቅም። ፈተናውን በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በጓሮው ዳርና መካከል ቢያደርጉት መልካም ነው፤ በአንዲት ትንሽ ጓሮ ውስጥ እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ሊሆን ይችላል።

ውሃ በሚያቁረው ክፍል ላይ ደረቅ አፈር ወዳዶቹን ለመትከል ከፈለጉ ከመሬት በ20 እና በ30 ሳንቲ ሜትር መካከል ከፍ ያለ መደብ ይሥሩላቸው፤ አፈሩንም በደንብ ከበሰለ ብስባሽና ከሻካራ አሸዋ ጋር ያዋህዱ። ብዙ ሰዎች ውሃ ያጠነፍፍልናል በማለት በመትከያው ጉድጓድ ሥር ጠጠር ያነጥፋሉ፤ ይህ ግን አይጠቅምም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ ስለማያልፍ ከጠጠሩ በላይ፣ ማለትም ሥሩ ባለበት ቦታ ይቆያል። መፍትሔው መደቡን ከፍ ማድረግ ነው።

በዚህ መደብ ላይ በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኘውን ስፍራ ለጥብስ ቅጠል፣ ለጦስኝና ለላቬንደር ይስጡ። ውርጭ የሚበረታበት አካባቢ ከሆነ ከሦስቱ ጦስኝና ላቬንደር የተሻለ ይችሉታል፤ የጥብስ ቅጠል ግን ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከደረሰ አብዛኛውን ጊዜ ይጎዳል። ማዳበሪያ አያብዙባቸው። ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠላቸው ይለመልማል፤ ነገር ግን ግንዳቸው ይለሰልሳል፣ መዓዛቸውም ይደክማል። ላቬንደርን በየዓመቱ ካበበ በኋላ ይከርክሙት፤ ሆኖም ቅጠል አልባ ወደሆነው አሮጌ እንጨት ድረስ አይቁረጡት፣ ከዚያ መልሶ ማቆጥቆጥ ያስቸግረዋልና።

እርጥበት የማይለየው ክፍል ለናና ይስማማዋል። ናና በአፈር ውስጥ በሚሄድ ግንዱ ስለሚስፋፋ ጎረቤቶቹን ይውጣል፤ ስለዚህ ታችኛው ክፍሉ በወጣለት ባልዲ ውስጥ ተክለው ባልዲውን መሬት ውስጥ ይቅበሩት፣ አፉን ግን ከመሬት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት። ፔፐርሚንት የሚባለው የናና ዓይነት ድቅል በመሆኑ የሚበቅል ዘር አይሰጥም፤ ስለዚህ በስሙ የሚሸጥ ዘር ቢያገኙም አይግዙ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ቡቃያ ይፈልጉ።

ከአበቦች መካከል ለእርስዎ አፈር አስቀድሜ የምመርጠው ዴይሊሊን ነው። እያንዳንዱ አበባ የሚቆየው ለአንድ ቀን ብቻ ቢሆንም አንዱ ዘንግ ብዙ እንቡጥ ስለሚይዝ አበባው ለሳምንታት ይቀጥላል፤ ከባድ አፈርንም ከብዙዎቹ አበቦች በተሻለ ይታገሳል። ድመት ካለዎት ግን አይትከሉት፤ ማንኛውም የዴይሊሊ ክፍል የድመትን ኩላሊት አበላሽቶ ይገድላል። ውሃ ለሚተኛበት ዳርቻ ካላ ሊሊ ተስማሚ ነው፤ ፈሳሹ አፍና ጉሮሮን ስለሚያቃጥል ሕፃናት እንዳይነኩት ይጠንቀቁ። አኪሊያና ኢኪናሲያ ከፍ ባለው መደብ ላይ ከላቬንደር ጋር ይስማማሉ። ጤና አዳምም ለዓመታት የሚቆይ ጠንካራ ተክል ነው፤ ነገር ግን ጭማቂው ቆዳን ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ውሃ የሚቋጥር ቁስል ስለሚያመጣ ሲከረክሙት ጓንት ያድርጉ።

ችግኝ ሲገዙ በአበባ የተሸፈነውን ሳይሆን ቅጠሉ የጠነከረውን ይምረጡ፤ ከተቻለም ከመያዣው አውጥተው ሥሩን ይዩ። ነጣ ያለ ሥር ጤነኛ ነው፤ በመያዣው ዙሪያ የተጠማዘዘውን ግን ካልፈቱት ከተተከለም በኋላ ታንቆ ይቀራል። በመካከላቸው ለጦስኝ 30፣ ለላቬንደር 50፣ ለጥብስ ቅጠል 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። ክፍተቱ መጀመሪያ ላይ የበዛ ቢመስልም አየር እንዲዘዋወር ያስፈልጋል።

ድርቅን የሚችል ተክልም ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት ሥሩ እስኪጠልቅ ድረስ መጠጣት አለበት፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ ይልቅ አፈሩ ደረቅ ሲል ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል። ዴይሊሊና አኪሊያ መካከላቸው መራቆት ሲጀምር፣ በአብዛኛው በ3 ወይም በ4 ዓመት፣ ነቅለው ሥራቸውን በመክፈል እንደገና ይትከሏቸው። የጥብስ ቅጠል ግን በዚህ መንገድ ስለማይከፈል ከለጋ ቅርንጫፉ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው፣ የታችኞቹን ቅጠሎች አራግፈው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ይሰኩት፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሥር ያወጣል።