እናትሽን ቻይና ኬክ ቤት ስትወስጂ

እህቴ፣ እናትሽ ከአዲስ አበባ መጥተዋል፣ ልጆቹ ደግሞ ቻይናታውን ኬክ ቤት ካልሄድን ብለው ይዘውሻል። አሳማ ሳይነካ፣ ጾምም ሳይፈርስ ምን ይታዘዛል ነው ጥያቄሽ። እኔ ሲያትል ከገባሁ ቆየሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሬኒየር ቢች በባቡር ኢንተርናሽናል ዲስትሪክት፣ ቻይናታውኑ ያለበት ሰፈር፣ ወርጄ ዳቦ መግዛት ልማዴ ሆኗል። እና ትንሽ ላውራ።

መጀመሪያ የሠራሁትን ጉድ ልንገርሽ። አንድ ቀን ቡና ተጠርቼ፣ ባዶ እጄን አልገባም ብዬ "የሚስት ኬክ" የሚሉትን አንድ ሳጥን ይዤ ሄድኩ። ስገዛ "ሥጋ አለው?" ብዬ ጠይቄ ነበር። "የለውም" አሉኝ። አልዋሹም። ውስጡ ነጭ ዱባ መሳይ ፍሬ በስኳር የተሠራ ነው። ቅርፊቱን ንብርብር አድርጎ አፍ ላይ የሚያሟሟው ግን የአሳማ ሞራ ነው። ይሄን ያወቅነው ሳጥኑ ካለቀ በኋላ ነው። ከነበሩት እናቶች አንዷ እስካሁን ሲያዩኝ ይስቃሉ። ሌላዋ ግን አይስቁም።

ስለዚህ ሥጋውን ለብቻ፣ ሞራውን ለብቻ ጠይቂ። በካንቶንኛ፣ በደቡብ ቻይናዎቹ ቋንቋ፣ የአሳማ ሞራ "ጁ ያው" ነው። "ያው" ዘይት፣ ቅባት ማለት ነው፤ በኛው "ያው ነው" ብለሽ እንዳታልፊው! ሽማግሌዎቹ ሻጮች ቃሏን ከአፍሽ ሲሰሙ ፈገግ ብለው እውነቱን ይነግሩሻል። የእንቁላል ታርት፣ ዳን ታት የሚሉት፣ ሁለት ዓይነት ቅርፊት አለው። ንብርብሩ በጥንቱ አሠራር ሞራ ይገባበታል፤ እንደ ብስኩት ደረቅ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በቅቤ ነው። ቤቱ ይለያያልና ጠይቂ።

በእንፋሎት ከሚሞቀው ሳጥን ውስጥ የሚታየው ነጩ ባኦ፣ ውስጡ የተሞላ ክብ ዳቦ፣ የሲያትል ሰው "ሃምባው" የሚለው፣ ሊጡ የኛን ህብስት ያስታውስሻል፤ ጣፈጥ ይላል እንጂ። ግን በብዛት የሚሸጠው ቻ ሲው ነው፣ አሳማ። ሹ ማይ የሚሉት፣ በስስ ሊጥ የተጠቀለለው፣ እሱም አሳማ አለበት። ሃር ጋው የሚሉት ጥቅል ውስጡ ሽሪምፕ፣ የባሕር ፍጥረት፣ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለማውዛት የአሳማ ስብ ይጨመርበታል። ደግሞ ሽሪምፑ ራሱ ክንፍና ቅርፊት የለውም፣ እናትሽ እሺ አይሉም። የዶሮ ባኦ አለ፤ አንዳንዱ ቤት ግን የቻይና ቋሊማ ቁራጭ ጣል ያደርግበታል። "ዶሮ ብቻ?" ብለሽ አረጋግጪ።

ለልጆቹ የአናናስ ዳቦ ግዢላቸው። አናናስ የለውም። ላዩ ላይ ያለው የስኳር ቅርፊት ሲሰነጣጠቅ የአናናስ ልጣጭ ስለሚመስል ነው ስሙ። ሆንግ ኮንግ አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ2014 በማይዳሰሱ ቅርሶቿ ዝርዝር አስገብታዋለች። ኮኮናት የተሞላው፣ ጋይ ሜይ ባኦ፣ ለኔ ይበልጣል። ቀይ ቦሎቄ በስኳር የተሞላውን ግን እናትሽ ሳያዩት አትስጫቸው፤ ቦሎቄ በስኳር ሲባል የኔ እናት ፊቷን ያጨማደደችውን አልረሳም።

አሁን ጾሙ። እውነቱን ለመናገር ረቡዕና ዓርብ እዚያ ቤት የሚበላ ጥቂት ነው። ዳቦው እንቁላልና ወተት ይነካዋል። ሰሊጥ የተለወሰው ክብ ጥብስ ዱቄቱ የሩዝ ነው፤ ግን ውስጡ የተሞላው ነገር ሞራ ሊኖረው ይችላል። መጥበሻ ዘይቱም አጠገቡ ካለው ከሞላላው፣ ሰሊጥ ከሌለው ጥብስ ጋር አንድ ሊሆን ይችላል። ያ ሞላላው አሳማ አለበት።

የኔ ምክር ባክ ቶንግ ጎ ነው። ነጭ፣ እርጥብ፣ በሦስት ማዕዘን የተቆረጠ። የሩዝ ዱቄት፣ ስኳር፣ ውኃና እርሾ ብቻ ነው፣ ቦክቶ በእንፋሎት ይበስላል። ቆርሰሽ ስታዪው እንደ እንጀራ ዓይን አለው! ትንሽ ኮምጠጥም ይላል። እናቴ አንዱን ገልብጣ አይታ "ይቺ የማን እርሾ ናት?" አለች። ሁለተኛውን አልጠየቀችም፣ ወሰደች።

ሌላው ቀላል ነው። ትሪና መቆንጠጫ ከበሩ ታነሺና ራስሽ ትመርጫለሽ፤ ትኩሱን ደግሞ ከመስታወቱ ጀርባ በጣትሽ ታሳያለሽ። ካርድ የማይቀበሉ ቤቶች አሉ፣ ጥሬ ገንዘብ ያዢ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ድረሺ፣ ከዚያ ወዲያ ሰልፍ ነው። ባኦው ሥር ወረቀት አለ። ልጆቹ ከነወረቀቱ ይጎርሳሉ፣ ቀድመሽ ላጪላቸው።