«ሴቨራንስ» ሲዝን 2 ጀመረ፤ ያያችሁ ጠይቁኝ

አርብ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. የተከታታይ ድራማው የሲዝን 2 የመጀመሪያ ክፍል ወጣ። ነገ ከተራ ነው፣ ቤቱ በዝግጅት ተተራምሷል፤ እኔ ጥግ ይዤ ሁለቴ አየሁት። ሲዝን 1ን ያልጨረሳችሁ እዚህ ላይ አቁሙ።

ጥያቄ፦ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው እኮ! የት ላይ ነበር የቆምነው?

መልስ፦ ሉመን የሚባለው ኩባንያ ሠራተኞቹ ጭንቅላት ውስጥ ቺፕ ቀብሮ ሰውን ለሁለት ይከፍላል። ሥራ ላይ ያለው ቤት ያለውን አያውቀውም፤ ቤት ያለውም ምን ሲሠራ እንደዋለ አያውቅም። ሲዝን 1 ሲያልቅ «የውስጦቹ»፣ ማለትም ሥራ ላይ ያሉት ማንነቶች፣ ለጥቂት ደቂቃ ውጪ ነቁ። የውስጡ ማርክ፣ ሞታለች የተባለችው የውጪው ማርክ ሚስት ጄማ እዚያው መሥሪያ ቤት እንዳለች ደረሰበትና «በሕይወት አለች!» ብሎ እየጮኸ ተቋረጠ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምነው ክፍሉ አንዴም ከመሥሪያ ቤቱ ፎቅ ሳንወጣ አለቀ? ተናድጃለሁ።

መልስ፦ እኔም መጀመሪያ ሳየው ተናድጄ ነበር። ሁለተኛ ሳየው ግን ገባኝ። ለውስጡ ማርክ በጩኸቱና በሊፍቱ መከፈት መካከል ምንም ጊዜ የለም። ስለዚህ ይሮጣል፤ ዳይሬክተሩ ቤን ስቲለር ካሜራውን በነጩ ኮሪደር እያሽከረከረ ሲከተለው እኔ ራሴ ትንፋሽ አጠረኝ። ከዚያ አለቃው ሚልቺክ ፈገግ ብሎ «አምስት ወር አልፏል» ይለዋል። መስኮት የለ፣ ቀን መቁጠሪያ የለ፤ በምን ይሞግተው? ውጪውን ቢያሳዩን ኖሮ ውሸት ይሁን እውነት ወዲያው እናውቅ ነበር። አሁን ከማርክ እኩል ታውረናል። እኔ በበኩሌ አምስት ወሯን አልዋጥኳትም።

ጥያቄ፦ የማርክ ባልደረባ ሄሊ ዋሸች ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?

መልስ፦ አልተሳሳትሽም እህቴ። ውጪ ምን አየሽ ስትባል ተራ አፓርታማ ውስጥ እንደነቃች፣ ወጥታም የሌሊት አትክልተኛ እንዳገኘች አወራች። በሌሊት ማን አትክልት ይኮተኩታል? ሌላው ባልደረባቸው ኢርቪንግም ነገሩ አልጣመውም፣ ፊቱን እዩት። እኛ ግን በዓይናችን አይተናታል፤ በሉመን ግብዣ ላይ ነበረች፣ የባለቤቶቹ ልጅ ሄሌና ኢገን መሆኗንም ያወቀችው እዚያ ነው። አንድም አፍራ ደብቃለች፣ አንድም ይቺ ሄሊ አይደለችም፤ የውጪዋ ሄሌና ራሷ ናት። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ተዋናይቷ ብሪት ሎወር መልስ ከመስጠቷ በፊት አንድ አፍታ ትዘገያለች፤ ያቺን ቆም ማለት ደግማችሁ ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ያቺ ሕፃን አለቃስ?

መልስ፦ ሚስ ሁዋንግ፣ ምክትል ሥራ አስኪያጅ። ለምን ሕፃን ሆንሽ ቢሏት በተወለድኩበት ጊዜ ምክንያት ነው አለች። ከዚህ በላይ እኔም አልጨምርም።

ጥያቄ፦ ለሠራተኞቹ በታየው ቪዲዮ የሉመን ሕንፃ ሲናገር ድምፁ የኪያኑ ሪቭስ ነው?

መልስ፦ አዎ።

ጥያቄ፦ አባቴ «ይሄ ሕንፃ እውነት አለ ወይ?» እያሉ ነው።

መልስ፦ አለ በላቸው። ኒው ጀርሲ፣ ሆልምዴል ውስጥ ነው፤ ድሮ የቤል ላብስ የምርምር ማዕከል ነበር፣ ኤሮ ሳሪነን የነደፈው። ኮሪደሮቹ ግን ስቱዲዮ ውስጥ የተሠሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ላይ የጄማ ምስል ለምን መጣ?

መልስ፦ ማርክ ቁጥር እየለቀመ የሚሠራው ፋይል «ኮልድ ሃርበር» ይባላል። እሱ ሲለቅም እሷን አሳዩን። ሚስቴን አገኛለሁ ብሎ የተመለሰው ሰውዬ፣ ሳያውቅ በራሱ እጅ እሷ ላይ እየሠራ ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ በሚቀጥለው አርብ ስደቡኝ።