ጫጩት ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

ዶሮ እርባታ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ብዙዎቻችሁ ምክር ስትጠይቁኝ ቀድማችሁ የምታነሡት የእንቁላልን ዋጋ ነው። አልፈርድባችሁም፤ ብድር አለባችሁ። ዕድሜዬን በእንስሳት እርባታ ሙያ ያሳለፍሁት እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከጫጩቶቹ ጋር ማን ያድራል?

የአንድ ቀን ጫጩት በሆዱ ይዞት የሚወጣው አስኳል ሁለት ሦስት ቀን ያህል ያቆየዋል። ከመፈልፈያ ጣቢያ ሩቅ ከተማ ድረስ በካርቶን ተጭኖ የሚጓዘውም በዚሁ ስንቅ ነው። የሙቀት ስንቅ ግን የለውም። ላባ እስኪያወጣ ድረስ እናቱ ካላቀፈችው እናንተ ልታሞቁት ግድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ትቀንሳላችሁ። ቴርሞሜትሩን በጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ አድርጉት፤ ብዙ ሰው ለራሱ ዓይን እንዲመቸው ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።

ከቴርሞሜትሩም በላይ ጫጩቶቹን እመኑ። ማሞቂያው አምፖል ሥር ተደራርበው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል፤ ከሥር ያሉት ታፍነው ያልቃሉ። ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ከአምፖሉ ከራቁ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ካደሉ ከወዲያኛው ነፋስ እየገባ ነው። ተበታትነው ሲበሉና ሲተኙ ካያችሁ እናንተም ጋደም በሉ። መብራት ሲጠፋ ከሰል የምታስገቡ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ አየር በማይገባበት ቤት ከሰል ጫጩቱንም ጠባቂውንም ይገድላል። መብራት በማይታመንበት ቦታ ዙሪያው በጭድ የተሞላ ሣጥን የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ይዞ ያሳድራል። ርካሽ ስለሆነ ይንቁታል፤ እኔ አልንቀውም።

በማግሥቱ ጥቂቶቹን አንሥታችሁ ከአንገታቸው ሥር ያለውን የመኖ ከረጢት ዳብሱ። ባዶ ከሆነ መኖውን ወይም ውኃውን አላገኙትም ማለት ነው።

ስለ ፈንግል በሽታ ብዙ አልልም፤ ከገባ በኋላ መድኃኒት የለውም። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ ችግሩ ከዚያ እስከ እናንተ ቤት ባለው መንገድ ነው። ያለ በረዶ በኪስ ተይዞ የመጣ ክትባት አትቀበሉ። በውኃ የሚሰጠውንም ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ አትበጥብጡት፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋልና ገንዘባችሁን ከስራችሁ ዶሮዎቻችሁ እንዳልተከተቡ ይቀራሉ።

ይህን ሁሉ መከታተል የማይመቻችሁ ካላችሁ የ45 ቀን ዶሮ ግዙ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ያንን ሌሊት ሌላ ሰው አድሮላችኋል። ስትረከቡ የተሰጣቸውን ክትባት ከነቀኑ በጽሑፍ ጠይቁ። «ሁሉንም ተከትበዋል» ብሎ ወረቀት የማያሳይ ሻጭ ከገጠማችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።