ከውጭ በኩል የሚቀድም ለምን ጠፋ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፤ እኔና ጓደኞቼ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ጋራዥ የምንሠራ ስንሆን፣ ስፒድዌይ የሚባለውን የሞተር ብስክሌት ውድድር በስልካችን መከታተል ከጀመርን ቆይተናል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ የሰፈራችን ሞተረኞች ትንሽ ክበብ አቋቁመው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ሜዳ ላይ 280 ሜትር ገደማ የሚሆን ሞላላ መም ገረጋንቲ አልብሰው፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ እሑድ አራት አራት እየሆኑ አራት ዙር ይወዳደራሉ። ሞተሮቹ በየመንገዱ የምናያቸው ተራ ሞተሮች ናቸው። የመነሻ ቦታውን የሚመርጠው ባለፈው ያሸነፈው ነው።

በመጨረሻው ቀን የመጀመሪያዎቹ አራት ውድድሮች እጅግ ደስ የሚሉ ነበሩ። ከአምስተኛው ጀምሮ ግን የመጀመሪያውን ኩርባ ቀድሞ የገባ ሁሉ ቀድሞ ጨረሰ፤ የቀሩት ሦስቱ አቧራውን እየበሉ ተከትለውት ዞሩ። ማታ ቡና ላይ የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ግማሾቻችን «ልጆቹ ፈሪዎች ናቸው፤ ከውስጠኛው መስመር ለመውጣት አይደፍሩም» እንላለን፤ እኔም ከእነዚህ ወገን ነኝ። ሌሎቹ «መሙ ተበላሽቷል» ይላሉ። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ «ስፒድዌይ በገነነባት በፖላንድም ቢሆን ያው ነው፤ የመነሻው ገመድ ብድግ ሲል ውድድሩ አልቋል» ይላል። ድሮ ግሬደር ያሽከረክሩ የነበሩ አንድ ጋሼ ሁላችንንም ካዳመጡ በኋላ «ውሃውን በስንት ሰዓት ነው ያጠጣችሁት?» ብለው ጠየቁና ዝም አሉ። ውሃው በቦቴ መጥቶ የፈሰሰው ውድድሩ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነበር። እውነቱ ከማን ጋር ነው?

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ የጋሼ ጥያቄ ከሁላችሁም ክርክር ይልቅ ለነገሩ የቀረበ ነው፤ ወደ እርሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ትንሽ ሒሳብ ማስላት ያስፈልገናል። በሞላላ መም ላይ ሁለቱ ኩርባዎች ቢጋጠሙ አንድ ሙሉ ክብ ይሠራሉ። ስለዚህ ከውስጠኛው መስመር 4 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ወጥቶ የሚዞር ተወዳዳሪ በእያንዳንዱ ዙር 25 ሜትር ገደማ፣ በአራቱ ዙር ደግሞ 100 ሜትር ገደማ ትርፍ መንገድ ይሄዳል። መሙ የትም ቢረግጡት እኩል የሚያንሸራትት ከሆነ ይህን ሁሉ ሜትር በከንቱ የሚሰጥ ሰው አይገኝም። እርስዎ ፈሪዎች ያሏቸው ልጆች፣ ምናልባት ሒሳቡን ከተመልካቹ ቀድመው አስልተውት ይሆናል።

ከውጭ የሚሄደው ትርፉን መንገድ የሚያካክስበት ዘዴ አንድ ብቻ ነው። በውጭው መስመር ላይ የኋላ ጎማው የሚነክሰው፣ እርጥበት ያለው ልል አፈር ካገኘ፣ ነዳጅ መስጠቱን ሳያቋርጥ ኩርባውን በፍጥነት ይዞ ይወጣና ቀጥታው ላይ በውስጥ የሄደውን ይደርስበታል። በስፒድዌይ ጥሩ መም የሚባለውም ይህን 25 ሜትር ለደፈረው ሰው የሚመልስ መም ነው። በዓለም አቀፉ የሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ የመሙ ርዝመት ከ260 እስከ 425 ሜትር ሲሆን፣ ኩርባው ከቀጥታው ሰፋ ብሎ የሚሠራውም ተወዳዳሪዎቹ መስመር የሚመርጡበት ቦታ እንዲያገኙ ነው። ነገር ግን ስፋቱ ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ በሰፊው ኩርባ ላይ የሚነከስ አፈር ከሌለ ሁሉም አንዲቷን ጠባብ መስመር ይዞ ይሰለፋል።

አሁን ከአምስተኛው ውድድር በኋላ ምን እንደተፈጠረ እንመልከት። የስፒድዌይ ተወዳዳሪ ኩርባ የሚዞረው የኋላ ጎማውን ወደ ውጭ እያንሸራተተ፣ መሪውን ደግሞ ወደ ተቃራኒው አዙሮ ነው፤ ጎማው በዚያ ሁሉ ኃይል ሲሽከረከር አፈሩን ወደ ኋላና ወደ አጥሩ ይበትነዋል። አራት ሞተሮች አራት ዙር በሮጡ ቁጥር እያንዳንዱ ኩርባ 16 ጊዜ ይታረሳል፤ በአራት ውድድር 64 ጊዜ ማለት ነው። ውስጠኛው መስመር በመጥረጊያ እንደተጠረገ ግቢ እስከ ጠንካራው ወለል ድረስ ይገፈፋል፤ የተገፈፈውም አፈር ሄዶ አጥሩ ሥር ይቆለላል። በዚህ ጊዜ ውስጡ ያንሸራትታል፤ አጥሩ ሥር ያለው ክምር ደግሞ ከመጠን በላይ ስለሚነክስ ሞተሩን ድንገት አንሥቶ ተወዳዳሪውን ሊጥለው ይችላል። ታላላቆቹ ውድድሮች በየአራት ውድድሩ መካከል እረፍት ወስደው ትራክተር የሚያስገቡት ለዚህ ነው፤ ትራክተሩ ከኋላው በሚጎትተው ምላጭ የተበተነውን አፈር ከውጭ ወደ ውስጥ መልሶ ያለብሰዋል። የእናንተ ውድድር አራት ጊዜ ደስ ብሎ በአምስተኛው መሞቱ ድንገተኛ ነገር እንዳልሆነ ይህ በቂ ማስረጃ ይመስለናል። ትራክተር ባይኖራችሁ ሁለት በሬ የሚጎትተው ከባድ ሳንቃ፣ እርሱም ካልተገኘ አሥር ሰው ከነሬኩ ለአሥር ደቂቃ ቢሠራበት ለውጡን ታዩታላችሁ።

«ፖላንድም ያው ነው» ያለው ጓደኛችሁ ግማሽ እውነት ይዟል። መነሻው በስፒድዌይ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰዎቹ የመነሻውን ቦታ በእግራቸው ሲያስተካክሉ የምታዩአቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በዓለም ሻምፒዮና አንድ ምሽት 16 ተወዳዳሪዎች በመጀመሪያዎቹ 20 ውድድሮች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ጊዜ ሲሮጡ፣ የመነሻ ቦታቸው አስቀድሞ በሰንጠረዥ ተደልድሎ ይፈራረቃል እንጂ ያሸነፈ ሰው ደጋግሞ ውስጡን አይይዝም። የእናንተ ክበብ ለአሸናፊው ቦታ እንዲመርጥ መፍቀዱ፣ በተበላሸ መም ላይ ያንኑ ሰው በውስጥ መስመር ላይ እንደመሾም ይቆጠራል። ይህን ደንብ ከሁሉ በፊት ብትለውጡት መልካም ነው፤ ምንም ወጪ የለውም።

ወደ ጋሼ ጥያቄ ስንመለስ፣ ግማሽ ሰዓት ሲቀር የፈሰሰ ውሃ ላዩን ጭቃ ከማድረግ በቀር ሥራ የለውም። ከሥር ያለው ደረቅ እንደሆነ ይቀራል፤ ላዩ በመጀመሪያዎቹ ውድድሮች ተጨልፎ ወደ አጥሩ ይሄዳል፤ ከዚያ የኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይና ነፋስ የቀረውን አቧራ ያደርገዋል። ውሃ መጠጣት ያለበት በዋዜማው ማታና በማለዳ፣ በስሱ፣ ደጋግሞ ነው፤ በየመካከሉ በሮሎ መጠቅጠቅ፣ በመጨረሻም ላዩን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ፈልፈል ማድረግ ያስፈልጋል። መንገድ የሠራ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ አፈሩን ጨብጦ ሲከፍተው ድቡልቡል ሆኖ ከቆየ፣ በጣት ሲነካው ደግሞ ከተፈረካከሰ እርጥበቱ ደርሷል። ጣት ላይ ከተለጠፈ በዝቷል። ጋሼን ቡና ከምታጠጧቸው ይልቅ በዋዜማው ሜዳው ድረስ ብትወስዷቸው የተሻለ ነው (ቡናውንም ቢሆን አትከልክሏቸው)።

ስለ አፈሩም አንድ ነገር እንጨምር። በእንግሊዝ የመጀመሪያዎቹ መሞች የከሰል ቃጠሎ ትራፊ ይለብሱ ነበር፤ በኋላ ሼል የተባለው እየተነባበረ የሚሰነጠቅ ድንጋይ፣ በሌሎች አገሮች ደግሞ የተፈጨ ግራናይት ቦታውን ይዟል። የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው፤ ውሃ የሚያሳልፍ ጠንካራ ወለል ከሥር፣ ጭቃ ሳይሆን እርጥበት የሚይዝ ስስ ልባስ ከላይ። ገረጋንቲያችሁ መጥፎ ምርጫ አይደለም። ሜዳው ግን ዋልካ ከሆነ፣ ዋልካ በዝናብ አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ፣ ገረጋንቲው ሳስቶ የተነጠፈ እንደሆነ በአንድ ክረምት ሞገድ ይሠራል። ልባሱንም አታወፍሩት። የስፒድዌይ ሞተር 500 ሲሲ ነው፤ በሜታኖል ይሠራል፤ ክብደቱ ከ77 ኪሎ ግራም አያንስም እንጂ ከዚያ ብዙም አይርቅም። የእናንተ ሞተሮች ጉልበታቸው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ኮምቦልቻም ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ በመሆኗ ሳሳ ያለው አየር ካላቸው ላይ ይቀንስባቸዋል። በእንዲህ ያለ ሞተር ጥልቅ አፈር ውስጥ የገባ ሰው ይሰምጣል እንጂ አይቀድምም።

ክርክሩን መቁረጥ ከፈለጋችሁ አንድ ደብተር ይበቃችኋል። በእያንዳንዱ ውድድር በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ማን በስንተኛ እንዳለፈ፣ ከዚያም ማን በስንተኛ እንደጨረሰ ጻፉ። አንድ እሑድ እንደ ልማዳችሁ፣ ቀጣዩን ደግሞ በዋዜማው አጠጥታችሁና በየአራቱ አስተካክላችሁ አወዳድሩ። ልጆቹ ያው ልጆች፣ ሞተሮቹም ያው ሞተሮች ሆነው የቦታ መለዋወጡ ከጨመረ፣ እርስዎ ይቅርታ የሚጠይቁት ለልጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የባጃጅ ሹፌር ነው። ጓደኞቹ ስፒድዌይ የሚባለው ሞተር ፍሬን የለውም ብለውት፣ እርሱም ለውድድር ብሎ የገዛትን ሞተር ፍሬን ሊያስነቅል ነው። «ባለሙያዎቹ እንደዚያ ነው የሚነዱት» ይለኛል። እውነት ነው?

የልጅ እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እውነት ነው፤ ልጅዎ ግን አያስነቅል። በስፒድዌይ ፍሬን የሌለው አራቱም እኩል ሳይኖራቸው ስለሚወዳደሩ፣ ከፊት ያለው ድንገት ቆሞ ከኋላ ያለው እንዳይወጣበት ነው። ፍጥነት የሚቀንሱት ነዳጅ መስጠቱን በመቀነስና ሞተሩን በማንሸራተት ነው፤ ለዚህም በግራ እግራቸው ጫማ ሥር ብረት ያስራሉ፤ ከእጃቸው ጋር የታሰረ ገመድም አለ፤ ሰውየው ሲወድቅ ገመዱ ተመዝዞ ሞተሩን ያጠፋዋል። በትልልቅ ውድድሮች ኩርባዎቹ በአየር በተሞላ አጥር የተከበቡ ናቸው። ይህ ሁሉ ሳይኖር ፍሬኑን ብቻ መንቀል የስፖርቱን አደጋ ወስዶ ጥንቃቄውን መተው ነው። ሞተሯ ደግሞ ከውድድሩ ሜዳ ተነሥታ የደሴን ቁልቁለት ይዛ ወደ ቤት እንደምትመለስ አይርሱበት። ልጅዎ የሚወዳደርበት ክበብ ካለ፣ ሁሉም ፍሬናቸውን ይዘው እንዲወዳደሩ በደንብ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ እኛ ከወልዲያ ነን። ከጥቂት ጊዜ በፊት ወደ አንድ ከተማ ለወዳጅነት ውድድር ተጋብዘን ሄደን ነበር። የአገሬው ክበብ መሙን እንደ አስፋልት አጠንክሮ ጠበቀን፤ የእነርሱ ልጆች ሲነሡ ፈጣኖች፣ የእኛዎቹ ደግሞ ከኋላ ተነሥተው በውጭ የሚያልፉ መሆናቸውን ያውቃሉ። ደጋፊዎቻችን «ይህ ማጭበርበር ነው» ሲሉ የእነርሱ ደጋፊዎች «ባለ ቤት ቤቱን እንዳሻው ያሰናዳል» አሉን። ሕጉ ምን ይላል?

አንባቢ፣ ከወልዲያ

መልስ፦ የአንድን ወገን ቃል ብቻ ሰምተን ያንን ክበብ አጭበርባሪ ልንለው አንችልም፤ በበጋ ያልጠጣ መም ማንም ሳያሰናዳው በራሱ እንደ አስፋልት ይደርቃል። ጥያቄው ግን ለስፖርቱ አዲስ አይደለም። በፖላንድ ሊግ የአገሬው ክበብ መሙን ለራሱ ልጆች እንዲስማማ አንዴ ጥልቅ፣ አንዴ ደረቅ ማድረጉ ለዓመታት ሲያከራክር ኖሮ፣ ዛሬ ከክበቡ ውጭ የሆነ የመም ተቆጣጣሪ ይመደባል። ዝናብ ሲያሰጋም መሙ በትልልቅ ላስቲክ ይሸፈናል፤ በበልጉም በክረምቱም ለምትዘንበው ወሎ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ባለ ቤት ቤቱን ያሰናዳል የሚለው አነጋገር እስከ አንድ ድንበር ድረስ ያስኬዳል፤ በደጋው ወሎ ጉግስ የሚጫወቱ ፈረሰኞችም ሜዳውን የሚያውቅ ሰው ብልጫ እንዳለው አይክዱም። ድንበሩ የሚያልፈው እንግዳው የሚቀድምበት መስመር ሆን ተብሎ ሲጠፋ፣ ይልቁንም መሙ ለሁለቱም ወገን አደገኛ ሲሆን ነው።

መም ችላ ሲባል ደግሞ የሚጎዳው ባለ ቤቱም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2015 በዋርሶ ብሔራዊ ስታዲየም፣ የ2010ሩ የዓለም ሻምፒዮን ቶማሽ ጎሎብ ሊሰናበት በተዘጋጀበት የዓለም ሻምፒዮና ምሽት፣ በስታዲየሙ ውስጥ ለጊዜው የተነጠፈው መም ሊይዝ አልቻለም፤ የመነሻው ገመድም አልታዘዝ አለ። ከ12ኛው ውድድር በኋላ ሁሉም ነገር ተቋረጠና እስከዚያ በተገኘው ነጥብ የስሎቬኒያው ማቴይ ዣጋር አሸናፊ ሆነ። ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ እያፏጨ ወጣ።

ለቀጣዩ ጊዜ ግብዣውን ስትቀበሉ ሦስት ነገር በጽሑፍ ተስማሙ፦ ውሃው በዋዜማው በስንት ሰዓት እንደሚጠጣ፣ በስንት ውድድር መካከል መሙ እንደሚስተካከል፣ እንዲሁም ከመጀመሪያው ውድድር አንድ ሰዓት በፊት ከሁለቱም ክበብ ሁለት ሁለት ሰው መሙን አብሮ በእግሩ እንደሚዞር። የሚዞሩት ሰዎች በየኩርባው በተረከዛቸው ጫን ብለው ይፈትሹ፤ ምልክት ካልቀረ ውድድሩ ሳይጀመር ቦቴው ይጠራ።