የተጣበቀው ቧንቧ ሌሊት ለቀቀ፤ ማን ይክፈል?

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የወጥ ቤቴን የፕላስቲክ ቧንቧ በሳኒተሪ ሠራተኛ አስቀየርኩ። መገጣጠሚያውን በማጣበቂያ አጣብቆ፣ ሲመሽ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ሌሊት ለቀቀና ቤቱ በውሃ ተጥለቀለቀ። አሁን ስልኬን አያነሳም። በማግስቱ በሌላ ሰው አሠራሁት። ሠራተኛውን ከስሼ ኪሳራዬን ማስከፈል እችላለሁ?

መልስ፦ መክሰስ ይችላሉ። ውሉ በቃል መሆኑ ብቻውን አያግድዎትም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት ግን አስቀድመው ማስጠንቀቂያ ይስጡት። በጽሑፍ ይሁን፣ ቅጂውንም ያስቀምጡ።

እኔን ያሳሰበኝ ያልነገሩኝ ነው። ከታች ያለው ጎረቤትዎስ? ያ ሁሉ ውሃ የእርስዎ ወለል ላይ ብቻ ቀረ ማለት ይከብደኛል። ቤቱ የራስዎ ይሁን የኪራይ አልጻፉም። የራስዎ ከሆነ በቁጥር 2077 ጎረቤትዎ እርስዎኑ ሊጠይቅ ይችላል፤ «ጥፋቱ የሠራተኛው ነው» ማለት ላያድንዎት ይችላል። ለጎረቤትዎ ገንዘብ ከከፈሉም ያለ ፊርማ አይክፈሉ።

ውሃውንስ ማን ከፈተው? ማጣበቂያው የቧንቧውንና የመገጣጠሚያውን ገጽ አሟሙቶ አንድ የሚያደርግ ነው። እስኪደርቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜውም እንደ ቧንቧው ውፍረትና እንደ አየሩ ሙቀት ይለያያል። «እስከ ነገ ውሃ አትልቀቁ» ብሎዎት ከነበረና የሰፈሩ የውሃ ተራ ሌሊት ሲደርስ ከፍተው ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚያነሳው መከራከሪያ ይህ ነው። ለጠበቃዎ አይደብቁ።

አሁን ወደ ዋናው። ሁለተኛው ሠራተኛ ቆርጦ ያወጣው ቁራጭ የት ነው? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደንበኞቼ ሁሌ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። ቤት ሲጥለቀለቅ ሰው ቶሎ ያስጠግናል፣ ልክም ነው፤ ግን ማስረጃውን ከቆሻሻው ጋር ይጥለዋል። ያ ቁራጭ ብዙ ይናገራል። ቧንቧው እስከ መጨረሻው ገብቶ እንደነበር የማጣበቂያው ምልክት ያሳያል። ለሁለት ቢሰነጠቅ ያልተቀባው ቦታ ይታያል። ቧንቧው ፒፒአር (PPR) የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ሆኖ ከተገኘማ ነገሩ ሌላ ነው፤ ፒፒአር በማሽን ሙቀት እንጂ በማጣበቂያ አይያያዝም። ቁራጩ ከሌለ ግን ክርክሩ የእርስዎ ቃል በእሱ ቃል ላይ ይሆናል፤ የማስረዳት ሸክሙ ደግሞ የከሳሹ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለሁለተኛው ሠራተኛ ይደውሉ። ቁራጩ ከተገኘ አይጠቡት፣ አይፋቁት፣ አይሰንጥቁት፤ ባለሙያ ይየው። በምስክር ፊት ፎቶ አንስተው በፌስታል ያሽጉት። ከጠፋም ሁለተኛው ሠራተኛ ያየውን ጽፎ ይፈርምልዎ። ማጣበቂያውን የገዙት እርስዎ ከሆኑ ጣሳውንና ደረሰኙን ይፈልጉ፤ የገዙት ዓይነት ለዚያ ቧንቧ የማይሆን ከሆነ ክሱ ወደ እርስዎ ይዞራል። ከሠራተኛው ጋር የተጻጻፉትን መልእክትና የባንክ ዝውውሩንም አያጥፉ።

ይህን ሁሉ ይዘው አንድ ጠበቃ ያማክሩ። ጎረቤትዎ ከውል ውጭ ለሚያቀርበው ክስ በመርህ ደረጃ 2 ዓመት አለው፤ እርስዎ ግን ያን ያህል አይቆዩ።