«ቢራቢሮው» ወይስ «ቢራቢሮዋ»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ነው። ጓሮዬ ያለው ሎሚ ላይ አይቼው የማላውቅ ትልቅ ቢራቢሮ አረፈ። ክንፉ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ ዳር ዳሩ ጥቁር፣ ከኋላ ሁለት ጅራት አለው። ለጓደኛዬ «ቢራቢሮዋ አረፈች» ብዬ ብጽፍለት፣ «ሴት መሆኗን በምን አወቅህ? ቢራቢሮው አረፈ በል» አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። «አይጧ ገባች» የሚል ሰው አይጧን ይዞ አልመረመረም። አማርኛ ትንሽ የሆነውን፣ የወደድነውን፣ ያሳሳንን ነገር በሴት አንቀጽ ይጠራል። እናት ወንድ ልጇን «ነይ የኔ ቆንጆ» ስትለው ማንም ፆታ ተሳሳተች አይላትም። «ቢራቢሮዋ» ያልከው ስላማረችህ ነው፤ ይህ የቋንቋው ትልቅ ጸጋ ነው፣ ባናጠፋው ደስ ይለኛል።

የጓደኛህ ጥያቄ ግን ለዚህ ቢራቢሮ በጣም ይገባል። እንደ ገለጻህ ከሆነ ያየኸው በሳይንሳዊ ስሙ ፓፒሊዮ ዳርዳነስ የሚባለው ቢራቢሮ ይመስለኛል። ሎሚ ላይ ዘወትር የምናየው ዘመዱ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ጥቁር ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ነው፤ ጅራትም የለው። ዳርዳነስ ግን የጫካ ነው፣ ጓሮ ድረስ መምጣቱ ዕድልህ ነው። በአብዛኛው አፍሪካ የዚህ ዝርያ ወንዴው ቢጫና ባለ ጅራት ሲሆን፣ ሴቷ ጅራት የላትም፤ ወፍ እንዳይበላት መርዛማ ቢራቢሮዎችን መስላ ትኖራለች። የኢትዮጵያው ለየት ይላል። እዚህ አብዛኞቹ ሴቶች ልክ እንደ ወንዱ ቢጫና ባለ ጅራት ናቸው። ስለዚህ ኬንያ ቢሆን ጅራቱን አይተህ «ወንድ ነው» ትል ነበር፤ ጅማ ላይ ግን ጅራት ማስረጃ አይሆንም።

ፆታውን በእርግጥ መናገር ስትፈልግ አንቀጹ ላይ አትተማመን። «ወንዴ ቢራቢሮ»፣ «ሴቴ ቢራቢሮ» በል። በመጽሐፍ ቋንቋ «ተባዕት» እና «እንስት» አሉልህ። የማይፈቀደው ማደባለቅ ነው፦ «ቢራቢሮዋ አረፈ» ስህተት ነው። «ቢራቢሮዋ» ካልክ ግሱም «አረፈች» ይሁን፣ ክንፉም «ክንፏ» ይሁን፣ እስከ መጨረሻው። «ቢራቢሮዋ» «የእሷ ቢራቢሮ» ተብሎም ሊነበብ ይችላል፤ በታሪክህ ውስጥ ሌላ ሴት ካለች «ያቺ ቢራቢሮ» ብትል ግልጽ ይሆናል።

ለጓደኛህ የላክኸውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ተወው። የምታየውን በማስታወሻ የምትይዝ ከሆነ ግን ቀኑን፣ ቦታውንና የክንፉን መልክ ጻፍና፣ በፆታው ቦታ «አልተለየም» በል።